አምሮት ሲመጣ ምን እናስብ? የምናብ ልምምዶች ሲነጻጸሩ

ማታ ነው። እራት ከበላሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ሶፋ ላይ ተጋድሜ ስልኬን እየነካካሁ ሳለ የብስኩቱ ፓኬት ትዝ አለኝ። ኩሽና ውስጥ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ አፉ በላስቲክ ታስሮ ተቀምጧል። አልራበኝም። ግን ስነክሰው የሚሰማው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ተሰማኝ፣ ምራቄም መጣ። አምስት ደቂቃ አልቆየሁም፣ ተነሳሁ።

እስቲ ይቺን ነገር ልብ በሏት። ፓኬቱን አላየሁትም። አልሸተተኝም። ከሶፋው ያስነሳኝ ጭንቅላቴ ውስጥ የተሳለ ምስል ነው። ዴቪድ ካቫና፣ ጃኪ አንድሬድ እና ጆን ሜይ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2005 ያቀረቡት ሐሳብም ይኸው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የምግብ ሐሳብ በራሱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አምሮት የሚሆነው እኛ ስንቀጥልበት ነው። መልኩን፣ ሽታውን፣ አፍ ውስጥ ሲሟሟ ያለውን ስሜት እየሳልን ስናስጌጠው ያኔ ይይዘናል።

አምሮት በምስል የሚቀጣጠል ከሆነ በምስልም ልንይዘው እንችላለን ማለት ነው። በምናብ መለማመድ የሚባለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ከፍታ ዘላዮች ከመሮጣቸው በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ዝላዩን በሐሳባቸው ይጨርሱታል። እኛም ከፍሪጁ ጋር ከመፋጠጣችን በፊት እንደዚያው ማድረግ እንችላለን። ችግሩ "ምናብህን ተጠቀም" የሚለው ምክር ብቻውን አደገኛ መሆኑ ነው። አንዳንዱ ምናብ አምሮትን ያበርዳል። አንዳንዱ ቤንዚን ያርከፈክፍበታል። ሁለቱ ደግሞ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ አማራጮቹን አንድ በአንድ እያነሳሁ የቱ ለየትኛው ሰዓት እንደሚሆን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፦ ረሃብ ነው ወይስ አምሮት?

ረሃብ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ያገኘውንም ይበላል። አምሮት ግን መራጭ ነው። "ቸኮሌት ካልሆነ በቀር" ካለ አምሮት ነው። ደረቅ ዳቦም ብታገኙ የምትበሉ ከሆነ ርቧችኋል፣ ብሉ።

ይሄን ቀልድ አታድርጉት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ላይ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንሰል ኪስ የተባሉ ተመራማሪ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ለ6 ወር ያህል ከወትሮው ግማሽ በሚያክል ምግብ አቆይተው ነበር። ሰዎቹ ቀን ከሌት የሚያስቡት ስለ ምግብ ሆነ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰቡ የሚያነቡ ነበሩ። የተራበ አእምሮ ምስል መሳሉን አያቆምም። ለዚያ መድኃኒቱ ምግብ እንጂ ልምምድ አይደለም። ቁርስና ምሳ ዘሎ ማታ አምሮትን በምናብ ለማሸነፍ መሞከር ከራስ ጋር ግብግብ መግጠም ነው።

በምናብ መብላት

ይሄኛው ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ቸኮሌት አማረህ? እንግዲያውስ በሐሳብህ ብላው!

በ2010 ኬሪ ሞርዌጅ እና ባልደረቦቹ አሜሪካ በሚገኘው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ይሄን ፈተኑት። አንዱ ቡድን 30 ኤም ኤንድ ኤምስ የሚባሉ ትንንሽ ቸኮሌቶች አንድ በአንድ ሲበላ እንዲያስብ ተደረገ። ሌላው 3 ብቻ። የቀረው ቡድን በሐሳቡ በሳንቲም በሚሠራ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ሳንቲም ሲከት ቆየ። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቸኮሌት በሳህን ቀረበላቸውና የፈለጉትን ያህል ብሉ ተባሉ። 30 ያሰቡት ከሁሉም ያነሰ በሉ። 3 ያሰቡት ግን ሳንቲም ብቻ ካሰቡት አልተለዩም።

ምክንያቱ ከእውነተኛ ምግብ ጋር ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች ፍላጎትን ይከፍታሉ፣ የኋለኞቹ ይዘጋሉ። ጣዕሙ አልተቀየረም፣ ሰዎቹም ቸኮሌቱን አልጠሉትም። "ጨምርልኝ" የሚለው ስሜት ነው የቀነሰው።

አሁን ወጥመዱን ተመልከቱ። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌሎች ሰዎችን 30 ቸኮሌት ሳህን ውስጥ ሲጨምሩ ብቻ እንዲያስቡ አደረጉ። መብላት የለም፣ መንካትና ማየት ብቻ። እነዚህ ሰዎች ኋላ ላይ ያነሰ አልበሉም፤ ይልቁንስ ፍላጎታቸው ተቀሰቀሰ። እኔ ሶፋ ላይ የማደርገው ይሄን ነው። ፓኬቱን አያለሁ፣ ላስቲኩን እፈታለሁ፣ አንዱን እነክሳለሁ። እዚያ ላይ ፊልሙ ይቆምና ወደ ኩሽና እሄዳለሁ። በምናቤ ሁልጊዜ የሚከፈተው የመጀመሪያው ጉርሻ ብቻ ነው። ሃያኛውን አስቤው አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ቆጥሬ ሞከርኩት። ማንሳት፣ አፍ ውስጥ መክተት፣ ማኘክ፣ መዋጥ። አንድ። እንደገና ማንሳት፣ ማኘክ፣ መዋጥ። ሁለት። እስከ ሰባት ድረስ ጭራሽ ባሰብኝ። አሥራ ሁለት ላይ መሰልቸት ጀመረኝ። ሃያ ላይ ብስኩት መብላት የቢሮ ሥራ ሆነብኝ። መሰልቸቱ ራሱ ነው መድኃኒቱ። ችግሩ ብዙ ሰው ሰባት ላይ ይተወዋል፤ ሰባት ላይ የተወ ደግሞ ከመጀመሪያውም ባይጀምረው ይሻለው ነበር።

ሌላ ገደብም አለው። የሚሠራው ለታሰበው ምግብ ብቻ ነው። በሐሳቡ ቸኮሌት የበላ ሰው አይብ ሲቀርብለት እንደ ማንም ሰው ይበላል። ስለዚህ "ዛሬ ማታ የሆነ ነገር ልበላ ነው፣ ምን እንደሆነ አላወቅኩም" ለሚል ሰው አይጠቅምም። የሚጠቅመው ምግቡ ለሚታወቅበት ሰዓት ነው። ኬክ ያለበት ዝግጅት ልትሄዱ ነው እንበል። አንድ ቁራሽ መብላት ትፈልጋላችሁ፣ አራት ግን አትፈልጉም። ከመግባታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ በሐሳባችሁ ኬኩን በሹካ በሹካ ጨርሱት።

ቦታውን በሌላ ምስል መያዝ

አእምሯችን ምስል የሚስልበት ሰሌዳ ጠባብ ነው። ሁለት ደማቅ ምስል ባንድ ጊዜ አይችልም። አምሮቱ ሰሌዳውን ከያዘው ሌላ ነገር ሳሉበትና ይደበዝዛል።

ለዚህ የተፈተነው አንዱ መሣሪያ የሚያስቅ ነው፤ ቴትሪስ። አዎ፣ ያ ኩቦች ከላይ እየወረዱ የሚደረደሩበት የድሮ ጌም። በ2015 በታተመ አንድ ጥናት 31 ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን ሰባት ጊዜ ምን እንዳማራቸው ይጠየቁ ነበር። ግማሾቹ አምሮታቸውን ከተናገሩ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ቴትሪስ ይጫወታሉ። የአምሮታቸው ኃይል ከመቶ 70 ወደ 56 ገደማ ወረደ። ምግብ ብቻ አይደለም፣ የመጠጥም የሌላም አምሮት ቀንሷል። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ግን አንድ አምስተኛ መቀነሱ ብዙ ጊዜ ከሶፋው በመነሳትና ባለመነሳት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ለምን ቴትሪስ? ቅርጽ ማየትና በሐሳብ ማሽከርከር ስለሚጠይቅ ነው። አምሮት የያዘውን ያንኑ ሰሌዳ ይሻማል። ለዚህ ነው ቁጥር መቁጠርና ለራስ መምከር ያን ያህል የማይሠሩት። ቃል በሌላ በር ነው የሚገባው። ስልክ ባይኖርም ይቻላል። ከበራችሁ ወጥታችሁ እስከ ሥራ ቦታችሁ ያለውን መንገድ በሐሳባችሁ ሂዱበት። ግራ ታጠፉ፣ የበሩን ቀለም እዩ፣ ቀጥሉ። ወይም የክፍላችሁን ዕቃ በሐሳብ አንሱና ሌላ ቦታ አስቀምጡት። አልጋው በመስኮቱ በኩል ቢሆንስ? ቁም ሳጥኑ የት ይገባል? እኔ ቤቴን በዚህ መንገድ ስንቴ እንዳደስኩት አልነግራችሁም።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። ምንም አያስተምርም። ነገ በዚያው ሰዓት አምሮቱ ይመለሳል፣ እናንተም እንደገና ኩብ ትደረድራላችሁ። ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ልማድ አይቀይርም። ሆኖም አምሮቱ መጥቶ በር እያንኳኳ ባለበት ሰዓት ከዚህ የፈጠነ አላገኘሁም።

"እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ"

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፒተር ጎልዊትዘር በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። ቀላል ነው። "አመጋገቤን አስተካክላለሁ" አትበሉ። የሚመጣውን ሁኔታና የምትወስዱትን እርምጃ በአንድ ዓረፍተ ነገር እሰሩት። በ2006 እሱና ፓስካል ሺራን 94 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ ዘዴው ለብዙ ዓይነት ግቦች ጥሩ ውጤት እንዳለው አገኙ።

ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን ይሠራል። በምናብ ሲለማመዱት ግን ይበረታል። በ2011 ካናዳ ውስጥ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ፍራፍሬ መብላት እንዲጨምሩ የሚፈልጉ ተማሪዎችን ወሰደ። ዕቅዱን ጽፈው በዚያ ላይ በዝርዝር በምናባቸው የተለማመዱት፣ በተለይ ቀድሞ ጥቂት ይበሉ የነበሩት፣ ፍራፍሬያቸውን እጥፍ ገደማ አደረሱት።

ልምምዱ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ዓረፍተ ነገሬ ይህ ነበር፦ "ከእራት በኋላ ሶፋ ላይ ሆኜ ብስኩቱ ትዝ ሲለኝ፣ ተነስቼ ጥርሴን እቦርሻለሁ።" ከዚያ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሶፋው አለ። ስልኩ ደረቴ ላይ ነው። ብስኩቱ ትዝ አለኝ፤ ድምፁን እሰማዋለሁ፣ አላባርረውም። እግሬ ወለሉን ነካ፣ ቀዝቃዛ ነው። ኮሪደሩን ይዤ ወደ ግራ፣ ወደ ኩሽናው፣ ሳይሆን ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ። የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ዓይኔን ወጋው። የጥርስ ሳሙናው ሽታ። የሚንቱ ጣዕም ምላሴ ላይ። በቃ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቀን ላይ፣ አምሮት በሌለበት ሰዓት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው። በ"አልበላም" አትጨርሱት። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዋ ማሪኬ አድሪያንሰ እና ባልደረቦቿ በ2011 ይሄን ዓይተውታል። "ሲከፋኝ ቸኮሌት አልበላም" ብለው ያቀዱ ሰዎች ጭራሽ ወደ ቸኮሌቱ አዘነበሉ። ዳንኤል ዌግነር በ1987 ሰዎችን "ነጭ ድብ አታስቡ" ብሎ ሲያዛቸው ድቡ ከጭንቅላታቸው አልወጣ እንዳላቸው ማለት ነው። ዕቅዱ ውስጥ የምትሠሩት ነገር ይኑር፣ እግርና እጅ ያለው ነገር።

ዕቅዱ ደግሞ አንድ ይሁን። አሥር ዕቅድ የጻፈ ሰው አንድም አልጻፈም።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። መሸነፉንም ተለማመዱት። ሁለት ብስኩት ከበላሁ በኋላ ምን አደርጋለሁ? ያለ ዕቅድ የምንለው "ተበላሽቷል፣ እንግዲህ ይለቅ" ነው፤ ፓኬቱም ያልቃል። ከልክ በላይ መብላት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ብስኩት ሳይሆን በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ፊልሙን ቀጥሉበት። ሁለት በላሁ፣ ላስቲኩን አሰርኩ፣ መደርደሪያው ላይ መለስኩት፣ መብራቱን አጠፋሁ።

ዘዴው ገደብ የለውም አልልም። ስለ አመጋገብ የተሠሩ ጥናቶች ሲታዩ ጥሩ ምግብ ለመጨመር ያለው ውጤት መጥፎውን ለመቀነስ ካለው ይበልጣል። ስለዚህ ከቻላችሁ ዕቅዱን የሚጨመር ነገር አድርጉት።

የወደፊቱን ማየት

ቀጭን ሆናችሁ፣ ያ የጠበበ ሱሪ ገብቶላችሁ፣ ሰው ሁሉ እያደነቃችሁ። ደስ ይላል። ብቻውን ግን "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ነው።

ገብርኤለ ኦቲንገን እና ቶማስ ዋደን በ1991 ባሳተሙት ጥናት ክብደት ለመቀነስ የተመዘገቡ 25 ሴቶችን ለአንድ ዓመት ተከታትለዋል። "ይሳካልኛል" ብለው የጠበቁት ይበልጥ ቀነሱ። በተቃራኒው ስለ ቀጭን ራሳቸው ያማረ ያማረውን ሲያልሙ የነበሩት ያነሰ ነው የቀነሱት። በምናብ የደረሰ ሰው መንገዱን ለመሄድ አይቸኩልም። ሊየን ፋም እና ሼሊ ቴይለርም በ1999 ተመሳሳይ ነገር በፈተና ላይ አይተዋል። ጥሩ ውጤት ሲያገኙ ካሰቡት ተማሪዎች ይልቅ ቁጭ ብለው ሲያጠኑ ያሰቡት የተሻለ ነጥብ አመጡ።

ኦቲንገን መፍትሔ ያለችው ሕልሙን ከእንቅፋቱ ጋር ማጋጨት ነው። ምኞታችሁን አስቡ፣ ቢሳካ ምን እንደሚሰማችሁ እዩ። ከዚያ ወዲያው "በእኔ ውስጥ ያለው እንቅፋት ምንድን ነው?" ብላችሁ ያንንም በምስል እዩት። መጨረሻ ላይ ከላይ ያየነውን ዓይነት ዕቅድ እሰሩበት። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ አይገላበጥ።

በዚህ ዘርፍ የማደንቀው ጥናት ከእንግሊዝ ፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ በ2019 የወጣው ነው። 141 ሰዎች ነበሩ። ግማሾቹ በንግግር ብቻ የሚያነሳሳ ምክር አገኙ። ግማሾቹ ግቡንም፣ መንገዱንም፣ እንቅፋቱንም በአምስቱ የስሜት ሕዋሳት መሳልን ተማሩ፤ በየዕለቱም ከሚያደርጉት ነገር ጋር አያይዘው ይለማመዱት ነበር። በ6 ወር የምናቡ ቡድን በአማካይ 4.11 ኪሎ ሲቀንስ የንግግሩ ቡድን 0.74 ኪሎ ነበር። በ12 ወር የምናቡ ቡድን 6.44 ኪሎ ደረሰ። ማንም የምግብ ዝርዝር አልሰጣቸውም። ግን አሠልጣኝ ነበራቸው። ብቻችሁን ቤት ቁጭ ብላችሁ ያንኑ ውጤት እንድትጠብቁ አልፈልግም።

ማዕበሉን መሳፈር

አለን ማርላት የተባሉ በሱስ ላይ የሠሩ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስለመዱት ነው። አምሮቱን አትታገሉት፣ አትታዘዙትም። እንደ ማዕበል ሲነሳ፣ ሲወጣ፣ ሲሰበር ከላዩ ሆናችሁ እዩት። የት ይሰማችኋል? ጉሮሮ? መንጋጋ? ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ ዋና አልችልም፤ ለዚህ ይሆናል ያልተዋጠልኝ።

ታዲያ የቱን?

አምሮቱ አሁን ከያዛችሁ ጌሙን ወይም የቤቱን ዕቃ ማዘዋወር ውሰዱ። ሌላውን ለመማር ሰዓቱ አይደለም። በየቀኑ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ዕቅዱን ጽፋችሁ ተለማመዱት፤ ተደጋጋሚ ጠላት ካለው በላይ ለልምምድ የሚመች የለም። ምግቡ ቀድሞ ከታወቀ በምናብ ብሉት፣ ግን ሠላሳ ድረስ። ለውጡን የጀመራችሁበት ምክንያት ከደበዘዘባችሁ ሕልምና እንቅፋቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

ችግራችሁ አምሮት ሳይሆን ማዕድ ላይ ከተቀመጡ አለማቆም ከሆነ አንድ ሌላ ነገር ሞክሩ። ሱዛን ሂግስ የተባለች የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2002 እንዳሳየችው፣ ምሳ የበሉትን እንዲያስታውሱ የተጠየቁ ሰዎች ከሰዓት በኋላ የሚበሉት መክሰስ ቀነሰ። ከመብላታችሁ በፊት የቅድሙን ሳህን በዓይነ ሕሊናችሁ መልሱት። ምን ነበረበት? ምን ያህል? ስልክ እያዩ የበሉት ምሳ እዚህ ላይ ያስቸግራል። ሳህኑ አይመጣም።

ምንም ምስል የማይታያቸው ሰዎችም አሉ። "ፖም አስብ" ሲባሉ ጨለማ ነው የሚያዩት። አዳም ዜማን የተባሉ የነርቭ ሐኪም በ2015 አፋንታዥያ የሚል ስም አውጥተውለታል። በሽታ አይደለም። እንዲህ ከሆናችሁ ዕቅዱን ጮክ ብላችሁ አንብቡና በእግራችሁ ተለማመዱት። ከሶፋው ተነስታችሁ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በእውን ሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ጠንከር ያለ። ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ወር ያህል፣ ማቆም እያቃታችሁ ብዙ ምግብ ባንዴ የምትበሉና ከዚያ በኋላ በራሳችሁ የምታፍሩ ከሆነ ነገሩ የአምሮት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ስም ያለው፣ ሕክምናም ያለው ችግር ነው። ምግብ የምትፈሩ ወይም ራሳችሁን የምታስርቡ ከሆነም እንደዚሁ። በተለይ በምናብ መብላትን በረሃብ ምትክ አታድርጉት። ወደ ባለሙያ ሂዱ።

ሳምንት ሞክራችሁ ካልሠራ መጀመሪያ የምትቀይሩት "ሲሆን" የሚለውን ግማሽ ይሁን። የእኔ የጥርስ ብሩሽ ዕቅድ ለአምስት ቀን ከሽፏል። ብስኩቱ ትዝ ሲለኝ ዘግይቷል፤ ያኔ ግማሽ መንገድ ሄጃለሁ። ቆይቼ ሳስተውል ብስኩቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ስልኬ ላይ የሚታይ ነገር ሲያልቅብኝና ጣቴ ዝም ብሎ ወደ ላይ መግፋት ሲጀምር ነው። ደብሮኝ እንጂ አምሮኝ አልነበረም። አሁን የምለማመደው ያችን ጣት ነው። ጣቴ ያለ ምክንያት ሲገፋ ስልኩን በደረቱ አስተኛዋለሁ፣ ተነስቼ ጥርሴን እቦርሻለሁ። ኮሪደሩ ላይ አሁንም ወደ ግራ የምታጠፍባቸው ማታዎች አሉ።